የቡዳ እምነትና በሽተኛው፦ የሮናልድ ሬሚኒክ ጥናት በሕክምና ዓይን ሲመዘን

አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ በሸዋ መንዝ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1974 «ኢትኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት፣ ስለ ቡዳ እምነት ከተጻፉት ውስጥ ደጋግመው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ቡዳ የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ነው፤ ርስት የለውም። ርስተኛው በልቡ የሚፈራው ግን የርስት ተካፋይ ወንድሙን ነው። ወንድምን በግልጽ መጠርጠር ስለሚያስነውር ፍርሃቱ ዞሮ በጠይቡ ላይ ያርፋል ይላል ሬሚኒክ። ማለፊያ ትንታኔ ነው፤ ማን እንደሚከሰስና ለምን እንደሚከሰስ ያስረዳል።

በትንታኔው ውስጥ የጠፋው በሽተኛው ነው። «ተበላ» የተባለው ሰው ምን ታሞ ነበር? ጥናቱ ይህን አይጠይቅም፤ መካነ ሰላም ላይ ተረኛ ለሆነ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ገበሬ በፋልሲፋረም ወባ ቢያዝ፣ ከትንኟ ንክሻ እስከ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ቀን ያልፋል። በዚህ መካከል ቤተሰቡ ቆላውን ይረሳና ትላንት በደጃፍ ያለፈችውን ሸክላ ሻጭ ያስታውሳል። ጥርጣሬው የሚያርፍበትን ሰው የሚመርጠው ኅብረተሰቡ ቢሆንም፣ ጊዜውን የሚወስነው በሽታው ነው። ሬሚኒክ ይህ አምልጦታል። ደግሞም መንዝ ቦረና አይደለም፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ በሽተኛው ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ጠበሉንም ወዳጃውንም አይቶ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ግን በዚህ ሊኮራ አይገባውም። በአውሮፓ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት ከ40 ሺህ የማያንሱ ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው ሲገደሉ፣ ሐኪሙ ዮሐን ቫየር እ.ኤ.አ. በ1563 ተከሳሾቹ ሕሙማን ናቸው ብሎ ጽፏል። ሌላው ሐኪም ቶማስ ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1662 በእንግሊዝ ችሎት ቀርቦ፣ የልጆቹ መንፈራገጥ የተፈጥሮ ሕመም ቢሆንም ሰይጣን በጠንቋዮች አማካይነት እንዳባባሰው መሰከረ፤ ሁለቱ ሴቶች ተሰቀሉ። በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘለቀ።

ለጤና ባለሙያ እጅግ የሚጠቅመው ሬሚኒክ ስለ ፈውሱ የጻፈው ክፍል ነው፤ በሽተኛው ይለፈልፋል፣ የበላውንም በስም ይጠራል። «ልፍለፋ» የሚለው አንድ ቃል ግን በጭንቀት ራሷን የሳተችውን ሙሽራም፣ በማጅራት ገትር የሚቃዠውን ሕፃንም ይሸፍናል። ሁለቱን መለየት የሚጀምረው ቴርሞሜትር በማስገባትና አንገቱ መገተሩን በእጅ በመፈተሽ ነው፤ ስሙ ቢጠራም ባይጠራም።