ስለ ሰውነት ማሳሳብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲመረመር

ሰውነትን ስለ ማሳሳብ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል የአሜሪካዊውን የሚስተር ቦብ አንደርሰንን «ስትሬቺንግ» ያህል በብዙ ሰው እጅ የገባ ጥቂት ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 በደራሲው በራሳቸው ጥረት ሲሆን፣ በ1980 በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሼልተር የተባለው አሳታሚ ተቀብሎ አሰራጭቶታል። ሥዕሎቹን የሣሉት ባለቤታቸው ጂን አንደርሰን ናቸው። እንደ አሳታሚው አገላለጽ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል፤ ከ20 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ይህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ ያለ ሂስ ሊታለፍ አይገባውምና፣ የሚያስተምረውን ዘዴ ከሚሰጠው ተስፋ ለይተን ለመመርመር ተነሥተናል።

ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ሰዓት ሲጀመር ተማሪው በሰልፍ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ለመንካት ሲታገል ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቢጠየቅ «ጉዳት እንዳይደርስብኝ» ይላል። ይህ እምነት በዓለም ሁሉ እንዲስፋፋ ካደረጉት መጻሕፍት አንዱ ይኸው የምንመረምረው ስለ ሆነ፣ እውነትነቱን መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል።

አስቀድመን ግን የቃላቱን ትርጉም እንለይ። በቋንቋችን «ሰውነት ማፍታታት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድነት ይጠራሉ። አንደኛው ማሟሟቅ ነው፤ ይኸውም ዱብ ዱብ በማለትና እጅና እግርን በማወናጨፍ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ማሳሳብ ነው፤ ይኸውም አንድን ጡንቻ እስከሚወጠርበት ድረስ ዘርግቶ ለተወሰነ ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው። ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ ሁለቱን የማይለይ ሰው የአንዱን ጥቅም ለሌላው ይሰጣል።

መጽሐፉ ሊመሰገን የሚገባው ስለ ዘዴው ነው። ደራሲው አንባቢውን በሁለት ደረጃ ይመራሉ። በመጀመሪያ ቀላል ውጥረት እስኪሰማ ድረስ ብቻ ዘርግቶ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ መቆየት ነው፤ ውጥረቱ ሲላላ ደግሞ ጥቂት ጨምሮ ያንኑ ያህል መቆየት ነው። ሕመም ከተሰማ መመለስ እንጂ መታገል አይገባም። ከባልንጀራ ጋር መፎካከርም ክልክል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትዕግሥትን የዘዴው መሠረት አድርገውታል።

በተለይም እየነጠሩ መሳብን አጥብቀው መቃወማቸው ትክክል ነው። ጡንቻ በድንገት ሲለጠጥ በውስጡ ያሉት ስሜት ተቀባዮች ለኅብለ ሰረሰር ያስታውቃሉ፤ ጡንቻውም ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ስለዚህ የሚነጥር ሰው በአንድ በኩል ሲስብ በሌላ በኩል ከራሱ ጡንቻ ጋር ይጓተታል።

የሚሰጡትም የጊዜ ልክ ከኋለኛው ምርምር ጋር ብዙ አይጋጭም። እ.ኤ.አ. በ1994 ባንዲና አይርዮን የተባሉ ተመራማሪዎች የጭናቸው የኋላ ጡንቻ የማይታዘዝላቸውን 57 ሰዎች በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት አጥንተዋቸው ነበር። ጡንቻውን ለ30 ሴኮንድ ማሳሳብ ከ15 ሴኮንድ በልጦ ተገኘ፤ 60 ሴኮንድ ግን ከ30 የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ከዕለት ኑሮው ላይ ጥቂት ደቂቃ ለሚቆርስ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ራሱ ከአቅሙ በላይ የተንጠራራበት ቦታ አለ። ደራሲው አስቀድሞ የተሳሳበ ጡንቻ ካልተሳሳበው ይልቅ ጫናን የመቋቋም ኃይል እንዳለው ያስተምራሉ፤ ስለዚህም ማሳሳብን ከጉዳት መከላከያዎች አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል። ለዚህ አባባል የሚበቃ ማስረጃ አላገኘንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖፕና ባልደረቦቹ በአውስትራልያ 1538 ምልምል ወታደሮችን ለሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንት ተከታተሏቸው። ሁለቱም ወገኖች ያሟሙቁ ነበር፤ 735ቱ ግን በዚያ ላይ የእግራቸውን ጡንቻዎች ያሳስቡ ነበር። በመጨረሻ ከሚያሳስቡት መካከል 158፣ ከማያሳስቡት 803 መካከል 175 የእግር ጉዳት ተመዘገበ። በመቶኛ ሲሰላ ሁለቱም 22 ገደማ ስለ ሆኑ፣ ልዩነት አለ ለማለት አይቻልም።

በማግሥቱ ስለሚሰማው የጡንቻ ሕመምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኸርበርትና ባልደረቦቹ 12 ጥናቶችን በአንድነት ሲመረምሩ፣ ማሳሳብ በማግሥቱ ሕመሙን የሚቀንሰው ከመቶ ነጥብ ከአምስት በማያልፍ መጠን ብቻ ሆኖ አግኝተውታል።

ሌላው ነቀፋችን ስለ ጊዜው ነው። መጽሐፉ ለሩጫ፣ ለእግር ኳስና ለሌሎችም ስፖርቶች የሚሰጠው የማሳሳብ ቅደም ተከተል ከስፖርቱ በፊትም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቤምና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ሰፊ ዳሰሳ ግን አንድን ጡንቻ ለ60 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ማሳሳብ ወዲያው የሚከተለውን የኃይል ሥራ በአማካይ በ4.6 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከ60 ሴኮንድ በታች ሲሆን ጉድለቱ 1.1 በመቶ ያህል ነው። የመጽሐፉ አንድ ደረጃ ብቻውን ከአነስተኛው ጉድለት ወገን ይመደባል፤ ነገር ግን ሁለቱ ደረጃዎች ሲደመሩ 60 ሴኮንድ ሊሞሉ እንደሚችሉ አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ጉድለት በሥራ ገበታው ላይ ለሚቀመጥ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚዘልና ለሚፈተለክ ግን ከቁም ነገር ይገባል።

በረጅም ርቀት ሩጫ ስሟ ለተጠራው አገራችን ደግሞ ከዚህ ጋር የሚነሣ ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆንስ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸውን 34 የረጅም ርቀት ሯጮች ለክቶ፣ ተቀምጠው ወደ ፊት ሲዘረጉ እምብዛም የማይታጠፉት በተወሰነ ፍጥነት ሲሮጡ አነስተኛ ኦክሲጂን እንደሚጠቀሙ አመልክቷል። ይህ አብሮ መገኘትን እንጂ ምክንያትን የሚያረጋግጥ አይደለም። ቢሆንም ሰውነቱ ይበልጥ የሚተጣጠፍ ሁሉ ይበልጥ ብቁ ስፖርተኛ ነው የሚለውን ልማዳዊ ሐሳብ ያናጋዋል።

ታዲያ ስፖርተኛው ከጉዳት የሚጠበቀው በምን ነው? አንዱ መልስ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ከተዘጋጀው «አሥራ አንድ ፕላስ» ከተባለው ማሟሟቂያ ይገኛል። 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ይህ መርሐ ግብር ሩጫን፣ የጡንቻ ማጠንከሪያን፣ ሚዛን መጠበቅንና ዝላይን ያጣመረ ነው፤ ቆሞ የማሳሳብ ክፍል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመው ጥናት በኖርዌይ 1892 ወጣት ሴቶች ተካፍለው፣ መርሐ ግብሩን በተከተሉት ዘንድ የጉዳቱ ጠቅላላ ብዛት በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ጥበቃው የተገኘው ከማሟሟቅና ከማጠንከር እንጂ ከማሳሳብ አይደለም።

መጽሐፉ የተጻፈው እነዚህ ጥናቶች ከመደረጋቸው በፊት ስለ ሆነ በኋለኛው ዘመን መለኪያ መመዘኑ ፍርደ ገምድልነት ነው የሚል ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። እኛም ደራሲውን በጊዜው ሊታወቅ ባልቻለ ነገር አንወቅሳቸውም። ነገር ግን መጽሐፉ ዛሬም አንባቢ አለው፤ ተስፋውም ዛሬ ይታመናል፤ ስለዚህ ዛሬ ሊመዘን ይገባዋል።

ከሂሱ በኋላ የሚቀረው ዋጋ ግን ትንሽ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በመጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ተማሪ፣ ወገቡና ትከሻው ለደረቀበት ሠራተኛ፣ እንደ ጂምናስቲክና እንደ መሰናክል ሩጫ ሰፊ እንቅስቃሴ የሚጠይቅ ስፖርት ለሚሠራም ሰው መጽሐፉ እስካሁን የሚያስተማምን መሪ ነው። ስለዚህ አሳባችን እንዲህ ነው፦ ከጨዋታ በፊት ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማሟሟቅ፤ ማሳሳብን ከጨዋታ በኋላ ወይም ራሱን በቻለ ጊዜ፣ ለምሳሌ ማታ ከመኝታ በፊት ማድረግ። በስፖርት ሰዓትም ጣቱን መንካት ያቃተውን ተማሪ እንደ ደካማ መቍጠር ይቅር፤ የእርሱን ደቂቃዎች ሩጫና ማጠንከሪያ ቢወስዷቸው ከጉዳት ይበልጥ ይጠብቁታል።