«ክፍት ዙር» እና «ኮንታክት»፦ በቤት ዕቃ ጥገና ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የቤት ዕቃ መጠገኛ መመሪያዎች በተነሡ ቁጥር፣ ጉድለታቸው የቃል እጥረት ነው የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቃሉ አለ፤ የጎደለው ቃሉ በአንባቢው ዘንድ ምን ትርጉም እንደ ያዘ የመመርመር ልማድ ነው። ለዚህም ሁለት ቃላትን፣ «ክፍት»ንና «ኮንታክት»ን፣ መመልከት ይበቃል።

በእንግሊዝኛው የኤሌክትሪክ አነጋገር መስመሩ ተያይዞ ኃይል ሲያልፍ ዙሩ «ዝግ» ይባላል፤ አንድ ቦታ ላይ ክፍተት ተፈጥሮ ኃይል ሲቋረጥ ደግሞ «ክፍት» ነው። ዘይቤው ከቀለበት የመጣ ይመስላል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ኤሌክትሪክን የሚናገረው እንደ ውሃ ነው፤ ቧንቧ እንደሚከፍት ሁሉ ራዲዮ ይከፍታል፣ ቴሌቪዥን ይዘጋል። በእርሱ ዘንድ መክፈት ማሳለፍ፣ መዝጋት መከልከል ነው። ሁለቱም ዘይቤዎች የየራሳቸው አመክንዮ አላቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ «ዕቃውን ከመንካትዎ በፊት ዙሩን ይክፈቱ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከምንጩ አንዲት ቃል ሳያጎድል አንባቢው ኃይሉን አብርቶ እጁን እንዲያስገባ አዞታል ማለት ነው።

ቃሉን በመግቢያው ላይ ተርጉሞ ማለፍ ይበቃል የሚሉ አሉ። ለፊዚክስ ተማሪ ምናልባት ይበቃ ይሆናል። የቤት ዕቃ መመሪያ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ አይነበብም፤ ዕቃው በተበላሸ ዕለት መካከሉ ይገለጣል እንጂ።

የኤሌክትሪክ ምጣድን እንውሰድ። ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ተኝቷል። በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ ጤነኛ ምጣድ ከመስመር ተነቅሎ ሲለካ 14 ኦም ያህል ያሳያል። ምጣዱ አልግል ብሎ መለኪያው አንዳችም ግንኙነት ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ኃይሉ ሽቦውን ሳይዞር የሚያልፍበት መንገድ አግኝቷል። 14 ኦሙን እያሳየ ጋጋሪዋን የሚነዝር ከሆነ ግን ኃይሉ ወደ ብረት አካሉ ተሻግሯል፤ ከሦስቱ ክፉው ይኸኛው ነው፤ ምጣዱ እየጋገረ ሰው ይጎዳልና። ጋጋሪዋ እነዚህን «ተበጠሰ»፣ «ኮንታክት አደረገ»፣ «ይነዝራል» ብላ ትለያቸዋለች። ተርጓሚው ሦስቱንም «ተቃጠለ» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀልላቸው፣ ተጠቃሚዋ ከምታውቀው ያነሰ ነገር ነግሯታል።

«አጭር ዙር» የሚለውም ቃል በቃል የተወሰደ ስያሜ ከዚሁ ምጣድ ፊት ሲቀርብ ይሰናከላል። የተበጠሰው ሽቦ ጫፉ እየተቆረጠ ሲቀጠል በእርግጥ ያጥራል። አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ከ16 አምፔር ገደማ የነበረው ወደ 18 አምፔር ገደማ ከፍ ይላል፤ ለ16 አምፔር የተሠራው ሶኬትም ይግላል። «አጭር ዙር» የሚለውን ስያሜ የሰማ ሰው የሚያስበው ይህን ያጠረ ሽቦ ነው፤ ይህ ደግሞ ስያሜው ሊገልጸው ከታሰበው ብልሽት የተለየ ነው።

ወደ «ኮንታክት» እንለፍ። ቃሉ በትውልዱ ንክኪ ማለት ሲሆን፣ በመመሪያዎች ውስጥ በማብሪያ ወይም በማቀዝቀዣ ቴርሞስታት ያሉትን፣ ሊነካኩ የሚገባቸውን ጫፎች ያመለክታል። በአማርኛ ግን ያለ ቦታው የሆነ ንክኪ ብቻ ሆኗል፤ የእሳት አደጋ ምክንያት ሲነገር «የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ይባላል። እንግዲህ «ኮንታክቱ ጥሩ መሆኑን ያረጋግጡ» የሚል መመሪያ ለአንባቢው እንቆቅልሽ ነው። ቃሉን ከሕዝብ አፍ ለመንጠቅ መሞከር ከንቱ ይመስለናል፤ መዝገበ ቃላት በያዘው ትርጉም ሊመዘግበው፣ ተርጓሚውም ለጫፎቹ «መገናኛ» የሚለውን ሊጠቀም ይችላል። ከጣልያንኛ የመጣው «ቫልቮላ» ፊውዝን እየሰየመ ማንንም ሳያስቸግር ኖሯል፤ ባዕድነት ብቻውን ነውር አይደለም።

ለብልሽቱ «የተበጠሰ መስመር»፣ ለማብሪያው «ያብሩ» እና «ያጥፉ»፣ ወደ አካል ለተሻገረው «የሚነዝር» እንዲባል እንደግፋለን። በጽሑፍ ለ«ኮንታክት» ምትክ ካስፈለገ «አቋራጭ» የሚለው ከቀረቡት ሁሉ ይሻላል፤ ኃይሉ ረጅሙን መንገድ ትቶ በአጭሩ መሄዱን በግልጽ ያሳያልና። ችግሩ «ተቋረጠ» ከዚያው ሥር የወጣ መሆኑ ነው፦ «መስመሩ አቋራጭ ሆኗል» እና «መስመሩ ተቋርጧል» ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ኃይል የበዛበትንና ኃይል የቀረበትን መስመር የሚለያቸው አንድ ፊደል ያህል ነው። «ተቋረጠ»ን ከጥገና ጽሑፍ ፈጽሞ አውጥተን ቦታውን ለ«ተበጠሰ» ካልሰጠን በቀር፣ «አቋራጭ»ን ለማጽደቅ ገና እናመነታለን።