ቢጫዋ ምልክት የምትነግረንና የማትነግረን

ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ትልቅ ተስፋ ይዞ ነበር፦ «ፕለግ ኤንድ ፕሌይ»። ካርዱን ሰኩት፣ የቀረውን ለኔ ተዉት እንደማለት ነው። ተጠቃሚዎች ግን ስሙን «ፕለግ ኤንድ ፕሬይ» እያሉ ቀለዱበት፤ ሰክታችሁ ጸልዩ! ቀልዱ ያስቃል። ፍርዱ ግን ትክክል ነው? እኔ የምስማማው በከፊል ነው።

እስቲ መጀመሪያ ችግሩን እንየው። ኪቦርድ ወይም ሳውንድ ካርድ ፕሮሰሰሩን ሲፈልግ አይ አር ኪው በሚባል መስመር ይጠራዋል። በዚያ ዘመን ፒሲ ላይ መስመሮቹ ከ0 እስከ 15 ብቻ ናቸው። 1 የኪቦርድ ነው፣ 6 የፍሎፒ፣ 14 የዋናው ሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ። 2 ደግሞ መስመሮቹን የሚያስተዳድሩትን ሁለት ቺፖች ያገናኛል። ለአዲስ ካርድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሳውንድ ብላስተር 16 ብዙውን ጊዜ 5ን ይይዛል፤ የኔትወርክ ካርዱም 5 ላይ ከተዘጋጀ በቃ፣ ተጋጩ። የቆዩት የአይ ኤስ ኤ ካርዶች አንድ መስመር ላይ አብረው እንዲሠሩ የተሠሩ አይደሉማ።

ግጭቱን የሚያሳየን ዲቫይስ ማናጀር ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋና ይገባዋል። ከተጋጨው ዕቃ አጠገብ ቢጫ ምልክት ያደርጋል፣ ከማን ጋር እንደተጋጨም በስም ይነግራችኋል። ዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን «ኮምፒውተር» ሁለቴ ብትጫኑ ደግሞ የትኛው መስመር በማን እንደተያዘ ታያላችሁ።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ የአንዳንድ ካርዶች ቁጥር የሚወሰነው በጃምፐር ነው። ስክሪኑ ላይ 5ን ወደ 10 ስትቀይሩ ጃምፐሯ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ካላንቀሳቀሳችኋት ካርዱ አሁንም 5 ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥር በእጅ ስትመርጡ ሲስተሙ ያንን ዕቃ እንደ ቋሚ ይቆጥረዋል፤ ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ ከእንግዲህ አያንቀሳቅሰውም። የዛሬው መፍትሔ የነገ ግጭት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ግትሩን ሳይሆን ተለማማጩን ማንቀሳቀስ ነው። የአሮጌው ካርድ ቁጥር «የተያዘ» ተብሎ እንዲመዘገብ አድርጉ፣ አዲሱ ካርድ ሌላ ይፈልግ። ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ አስነሱት፤ ሦስት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አታውቁም።

ፍርዴ ይኸው፦ መሣሪያው ሐቀኛ ነበር፣ ስሙ ግን ከአቅሙ በላይ ቃል ገባ። ተስፋው የሚሠራው ካርዶቹ ሁሉ ሲታዘዙ ነው፤ አንድ እምቢተኛ ይበቃዋል።

ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ኤም ፒ ዩ 6050 የእንቅስቃሴ ሴንሰርንና ዲ ኤስ 3231 የሰዓት ቺፕን አርዱዪኖ ላይ አንድ ላይ ብትሰኩ፣ የሁለቱም አድራሻ በሄክሳዴሲማል 68 ነው። የሰዓቱ አድራሻ አይቀየርም፤ የሴንሰሩ ግን በአንድ ፒን ወደ 69 ይሄዳል። ቢጫ ምልክት የሚያሳያችሁ የለም። ታዲያ ማንን ታንቀሳቅሳላችሁ?