በአንድ እጅ የሚጠብቅ ክላምፕ፦ ምርጫውና አያያዙ

በአንድ እጅ የሚጠብቅ ክላምፕ እንጨትን ከእንጨት አጋጥሞ የሚይዝ፣ ጥብቀቱም ብሎን በማዞር ሳይሆን ቃታ በመሳብ የሚገኝ የአናጺ መሣሪያ ነው። ዋና ክፍሎቹ ጠፍጣፋ የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ የተተከለ ቋሚ መንጋጋ፣ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ሁለተኛ መንጋጋ፣ እጀታው ከነቃታው፣ መልቀቂያው እና መንጋጋዎቹ የሚለብሱት ላስቲክ ናቸው። ከባለብሎን ክላምፕ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ዲዊት በተባለች ትንሽ ከተማ የነበረው የፒተርሰን ፋብሪካ ለዚህ ዓይነቱ ክላምፕ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእጀታው ውስጥ መሐሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ዘንጉ የሚያልፈው በዚያ ቀዳዳ ነው። ቃታው ሲሳብ ብረቱ ዘመም ይልና የቀዳዳው ጠርዝ ዘንጉን ነክሶ ጥቂት ሚሊሜትር ይገፋዋል። ቃታው ሲለቀቅ ሌላ ዘመም ያለ ብረት ዘንጉ ወደኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። መልቀቂያው ሲጫን ይህ ሁለተኛው ብረት ይቃናና ዘንጉ ነጻ ይወጣል። እንግዲህ የክላምፑ ኃይል ሁሉ የተመሠረተው በብረትና በብረት መካከል ባለው ፍትጊያ ላይ ነው። ዘንጉ ዘይት ወይም ቅባት ከነካው የሚንሸራተተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳም ሆነ በባምባሲ፣ በአነስተኛ ወርክሾፕ ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ለሚሠራ አናጺ የዚህ ክላምፕ ትልቁ ጥቅም ሦስተኛ እጅ መሆኑ ነው። በግራ እጁ የበሩን መቃን አስተካክሎ ሲይዝ በቀኙ ክላምፑን ያጠብቃል። ስኳድራ አስደግፎ መስመር ሲያሰምር፣ ጣውላ ከጠረጴዛ ጋር አጣብቆ ሲቆርጥ፣ ብሎን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ክፍሎችን ሲያጋጥም ረዳት መጥራት አያስፈልገውም። ገመድ በዱላ ጠምዝዞ ማጥበቅ፣ በሽብልቅ መወጠር፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ማሰር ዛሬም የሚያገለግሉ ዘዴዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ሁለት እጅና ጊዜ ይጠይቃሉ።

ክላምፑን ከመግዛት በፊት ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ መጫን ሌላ። ትንሹ ዓይነት የሚሰጠው ጫና ወደ 60 ኪሎ፣ መካከለኛው ወደ 135 ኪሎ፣ ከባዱ ወደ 270 ኪሎ ይደርሳል። ጠንካራ ባለብሎን ክላምፕ ከ450 ኪሎ በላይ ሊጫን ይችላል። ነጭ ኮላ በደንብ እንዲይዝ ለለስላሳ እንጨት በካሬ ሴንቲሜትር ከ7 እስከ 10 ኪሎ፣ ለጠንካራ እንጨት ከ12 እስከ 17 ኪሎ ጫና ይመከራል። እንደ ዋንዛ ቀለል ያለ እንጨት ከመጀመሪያው ምድብ ይቆጠራል።

ስሌቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ውፍረታቸው 2 ሴንቲሜትር፣ ርዝመታቸው 1 ሜትር የሆኑ ሁለት የዋንዛ ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው የጠረጴዛ ገጽ ይሆኑ ቢባል፣ ኮላ የሚቀባው ጠርዝ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በ7 ኪሎ ሲባዛ 1,400 ኪሎ ይሆናል። ይህን ጫና ለማግኘት 11 መካከለኛ ወይም 6 ከባድ የአንድ እጅ ክላምፕ ያስፈልጋል፤ 4 ጠንካራ ባለብሎን ክላምፕ ግን ይበቃል። ስለዚህ ሰፊ ገጽ ሲጣበቅ የአንድ እጁ ክላምፕ ጣውላዎቹን በቦታቸው ያስይዛል፤ ጫናውን ባለብሎኑ ይሸከማል። ጠርዙ በመላጊያ በትክክል ካልተስተካከለ የትኛውም ክላምፕ አያድነውም። ክፍተትን በኃይል መዝጋት ውጥረቱን በእንጨቱ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ውሎ አድሮም መገጣጠሚያው ይከፈታል።

ሲመረጥ በመጀመሪያ ዘንጉን ወደ ዓይን አቅርቦ ቀጥ ማለቱን ማየት ነው። ቀጥሎ በቁራጭ እንጨት ላይ አጥብቆ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ በራሱ የሚላላ ከሆነ ይቅር። ላስቲኩ መንጋጋውን በሙሉ መሸፈን፣ መልቀቂያውም እጀታውን በያዘው እጅ ጣት መደረስ አለበት። ከዘንጉ እስከ መንጋጋው ጫፍ ያለው ጥልቀት ክላምፑ ከጣውላው ጠርዝ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚደርስ ይወስናል። ቋሚ መንጋጋው ተነቅሎ በሌላኛው ጫፍ የሚተከልበት ዓይነት ቢገኝ ይመረጣል፤ መንጋጋው ሲገለበጥ የተጣበቀን ነገር ለማላቀቅ ያገለግላል። ለጀማሪ አንድ ረጅም ክላምፕ ከመግዛት ሁለት ባለ30 እና ሁለት ባለ60 ሴንቲሜትር መያዝ ይሻላል፤ ሥራ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወገን ነውና።

በአጠቃቀም ረገድ ሥርዓቱ የሚጀምረው ያለ ኮላ በመሞከር ነው። ክፍሎቹ በደረቁ ይገጣጠማሉ፣ ክላምፖቹ በልክ ተከፍተው በተራ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ኮላው ይቀባል። ነጭ ኮላ ተቀብቶ ሳይገጣጠም ሊቆይ የሚችለው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ በአሶሳ የበጋ ሙቀት ደግሞ ያነሰ። ዘንግ ጫና ሲበዛበት ስለሚጎብጥ ጣውላው ወደ አንድ ወገን እንዳይነሳ ክላምፖቹ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እየተፈራረቁ ይታሰራሉ። ጫና ከመንጋጋው ተነሥቶ ወደ ጎንና ጎን በ45 ዲግሪ ያህል ይሰራጫል፤ ስለዚህ ጠባብ ጣውላ ክላምፖቹ እንዲቀራረቡ ይጠይቃል፣ ወይም በመንጋጋውና በሥራው መካከል ቀጥ ያለ ደጋፊ እንጨት ይገባል። ኮላው በመገጣጠሚያው ርዝመት በቀጭኑ ብቅ ብቅ ካለ ጥብቀቱ በቂ ነው። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ክላምፑ ሊፈታ ይችላል፤ ሸክም የሚያርፍበት ሥራ ግን 24 ሰዓት ይጠበቃል።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የራሱ የሆነ ፈተና አለው፤ ሽመል። ይህ የቆላ ቀርከሃ ከደጋው ቀርከሃ በተለየ ውስጡ ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን የቀረበ ነው፤ ክብ በመሆኑ ግን ከጠፍጣፋ መንጋጋ ያመልጣል። መፍትሔው በሦስት ማዕዘን የተቦረቦረ ጉማጅ እንጨት በሁለቱም ወገን ማስደገፍ ነው። ሽመል በርዝመቱ ስለሚሰነጠቅ የአንድ እጁ ክላምፕ መጠነኛ ጫና እዚህ ላይ ጥቅም ይሆናል። በተቻለ መጠን ከአንጓው አጠገብ መያዝ፣ ለመብሳት ሲያዝም ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል ማጥበቅ ስንጥቅን ይከላከላል። የተሰነጠቀ ሽመል በኮላ ተነባብሮ ጣውላ ይውጣው ከተባለ ግን ሥራው የመጫኛ ፕሬስ ነው።

አሶሳ ረጅም የዝናብ ወቅት ያላት ከተማ ናት። በክረምት እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ኮላም ዘግይቶ ይደርቃል፤ ስለዚህ ክላምፕ ከበጋው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይፈታ መቆየት አለበት። እርጥብ ጣውላ አጥብቆ መያዝ ደግሞ አያደርቀውም። በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያውም ይፈተናል።

የክላምፑ ዕድሜ በእንክብካቤው ይለካል። በዘንጉ ላይ የደረቀ ኮላ ዕለቱን ይፋቃል፤ ዘንጉ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ አይቀባም። ዝገት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ላስቲኩ ፀሐይ ላይ እንዳይውል፣ ክላምፑም ያለ ሥራ እንደተጠበቀ እንዳያድር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የላስቲኩ መጥፋት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ባዶ መንጋጋ ዋንዛን ያጎደጉዳል። ዋንዛ ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር፤ ሊባክን የሚገባው እንጨት አይደለም።

በአንድ እጅ የሚጠብቅ ክላምፕ የመያዝ ሥራ ሲሰጠው ታማኝ፣ ከአቅሙ በላይ የመጫን ሥራ ሲሰጠው ደካማ መሣሪያ ነው። አናጺ ይህን ልዩነት አውቆ አራት ጥሩ ክላምፖች ቢይዝ፣ ብቻውን ሆኖም የቀና በርና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይሠራል።