ፈረሰኛው ያልመጣላት ልጃገረድ

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። ለቅዳሜ ማታ ማሳለፊያ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የተከራየሁት ዲቪዲ ነበር። ሽፋኑ ላይ አጭር ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። እውነቱን ለመናገር የተከራየሁትም ለሽፋኑ ብዬ ነው። አንዳንድ ቦታ ሳቅሁ፣ አንዳንድ ቦታ አዛጋሁ፤ በማግስቱ መለስኩትና ረሳሁት።

በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ያንኑ ፊልም ይዛ መጣች። አብረን ተቀምጠን አየነው። ያኔ በሳቅሁበት ቦታ ዛሬም ሳቅሁ። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ምኑ ነው ያሳቀህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

ፊልሙ «ጄኒፈርስ ቦዲ» ይባላል፤ «የጄኒፈር ገላ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የቀረበ፣ አስፈሪነትንና መራራ ቀልድን የቀላቀለ የአሜሪካ ፊልም ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈችው ዲያብሎ ኮዲ በ2008 «ጁኖ» ለተባለው ፊልም ድርሰቷ ኦስካር የተሸለመች ናት። ያዘጋጀችው ካሪን ኩሳማ ደግሞ በ2000 ስለ አንዲት ቦክሰኛ ልጃገረድ በሠራችው «ገርልፋይት» ትታወቃለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብዕሩም ዝግጅቱም በሴት እጅ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሚኔሶታ ግዛት፣ «የዲያብሎስ ማሰሮ» የሚል ስም ባላት ልብ ወለድ ከተማ ውስጥ ነው። ጄኒፈር (ሜጋን ፎክስ) የትምህርት ቤቱ ቆንጆ ናት። ኒዲ (አማንዳ ሳይፍሬድ) ደግሞ መነጽር የምታደርግ፣ በጄኒፈር ጥላ ሥር የምትኖር አብሮ አደጓ። አንድ ምሽት ሁለቱ ከከተማ የመጣ ባንድ ሊያዩ ወደ አንድ መሸታ ቤት ይሄዳሉ። ቤቱ በእሳት ይያያዛል፤ ብዙ ሰው ያልቃል። ከእሳቱ የተረፈችውን፣ በድንጋጤ የደነዘዘችውን ጄኒፈርን ዘፋኙ ወስዶ መኪናው ውስጥ ያስገባታል። ኒዲ ቆማ ታያለች።

ባንዱ ዝና ፈላጊ ነው። በአገሩ ዘፋኝ በዝቷል፤ ስለዚህ ልጆቹ ከኢንተርኔት ባገኙት ድግምት ድንግል ሠውተው ከሰይጣን ጋር ሊዋዋሉ ቆርጠዋል። ፏፏቴው ዘንድ አስረዋት፣ ድግምቱን ከወረቀት እያነበቡ፣ እየዘፈኑና እየተሳሳቁ ይገድሏታል። እኔ የሳቅሁት እዚህ ላይ ነው።

ልጅቱ ግን ድንግል አልነበረችምና ጋኔን አድሮባት ትነሣለች። ከዚያ በኋላ የከተማዋን ወንዶች ልጆች በውበቷ እያባበለች፣ ብቻቸውን እያገኘች ትበላለች። ባንዱም የፈለገውን ዝና ያገኛል።

ይህ ተረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ፣ በየቤታችንም ሥዕል ላይ፣ ለዘንዶ የተሰጠችው ብሩታዊት አለች። ዛፍ ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ፈረሰኛው ጊዮርጊስም በነጭ ፈረስ መጥቶ ዘንዶውን በጦር ይወጋላታል። ዲያብሎ ኮዲ የጠየቀችው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ፈረሰኛው ባይመጣስ? በፊልሙ ውስጥ ማንም አይመጣም። ልጅቱ ራሷ ዘንዶ ሆና ትመለሳለች።

ብዙ ሐያስያን ይህንን «የሴት ልጅ ኃይል» ብለው አወድሰውታል። እኔ በዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ጄኒፈር የምትበላው ማንን ነው? ጓደኛው በእሳት ሞቶበት የሚያለቅስ ኳስ ተጫዋች፣ ግጥም ቢጤ የሚሞካክር ዓይን አፋር ልጅ፣ በመጨረሻም ምንም ያልበደላትን የኒዲን ፍቅረኛ። የገደሏት ሰዎች ግን በየመድረኩ ይዘፍናሉ፤ እሷ ዞር ብላም አታያቸውም። ረሃብ ኃይል አይደለም። ልጅቱ ካልበላች ገጽታዋ ይጠወልጋል፣ ጸጉሯ ይጎሳቆላል፤ ቀድሞ በወንዶች ዓይን ትኖር ነበር፣ አሁን በወንዶች ሥጋ ትኖራለች። ጌታዋ ተቀየረ እንጂ ነጻ አልወጣችም። ፊልሙ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ አወዳሾቹ ናቸው የዘነጉት።

እውነተኛው አስፈሪ ነገር በከተማዋ ውስጥ ነው። ባንዱ ከእሳቱ ሰው እንዳዳነ ይወራል። የሐሰት ወሬ ነው፤ ግን ሁሉም ያምነዋል። ነፍሰ ገዳዮቹ ጀግና ይሆናሉ፣ ዘፈናቸው የሐዘን መዝሙር ይሆናል። ኒዲ እውነቱን ስትናገር ሰሚ የላትም። ደም የሌለበት ይህ ክፍል ከጋኔኑ ጥርስ ይልቅ አስጨነቀኝ። ሰዎች ጥቃትን የሚያምኑት በተጠቂዋ ማንነት መዝነው ነው። ቆንጆ ናት፣ ወንድ ትወዳለች፣ ራሷ ናት መኪናው ውስጥ የገባችው፤ ይህን ሚዛን ለማወቅ ሚኔሶታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ፊልሙ እንከን የለበትም አልልም። ደራሲዋ ለወጣቶቹ የፈጠረችላቸው የአራዳ ቋንቋ አንዳንዴ ያዝናናል፣ አንዳንዴ ግን ልጆቹ ሳይሆኑ እሷ ስትናገር ይሰማል። ከዚህ የከፋው ግን አሕመት የተባለው ልጅ ነገር ነው። ከሕንድ የመጣ እንግዳ ተማሪ ነው፤ ከእሳቱ ተርፎ ብቻውን መንገድ ላይ ሲሄድ ጄኒፈር ታገኘዋለች። መትረፉን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ታረጋግጥና ትበላዋለች። ማንም ሰው ስለማይጠይቅለት የሚጠፋ ልጅ! ይህ እኮ የጄኒፈር የራሷ ታሪክ ነው። ፊልሙ ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል። ለአንዷ ልጅ የጮኸ ፊልም ለሌላው ሳይጮህ መቅረቱ አሳዝኖኛል።

የፊልሙ ልብ ያለው በሁለቱ ጓደኛሞች መካከል ነው። በመጨረሻው ትግል ኒዲ የጄኒፈርን የጓደኝነት ሐብል በጥሳ ስትጥለው ጋኔኗ ለቅጽበት ትደክማለች፤ ፊቷ ላይ የሚታየው የሕፃንነት ጓደኛዋን ያጣች ልጅ ፊት ነው። ኒዲ ትገድላታለች። ነገር ግን በተነከሰችበት በኩል ከጋኔኑ ኃይል ጥቂት ይተላለፍላታል፤ ከታሰረችበት የአእምሮ ሕሙማን ተቋም አምልጣ ያንን ባንድ ትከተላለች። የተዋናዮቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ የሆቴሉ ክፍል ይታያል፤ ዕዳው ተከፍሏል። ኃይልን ለሚገባው ሰው ያዋለችው ይህች ባለ መነጽር ናት።

ይህ ሁሉ እያለ ፊልሙ ሲወጣ ወደቀ። 16 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመላው ዓለም ያስገባው 31 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለሜጋን ፎክስ ዝና ትንሽ ነው። ደራሲዋም አዘጋጇም ማስታወቂያው ወጣት ወንዶችን ብቻ ያነጣጠረ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ገላዋን አይተው የገቡ ወንዶች ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው፤ ፊልሙ የተሠራላቸው ልጃገረዶች ደግሞ በሽፋኑ ምክንያት አልገቡም። የጄኒፈር ገላ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው፤ አንዴ በባንዱ፣ አንዴ በሻጮቹ። በ2017 መጨረሻ የሆሊውድ ሴቶች የደረሰባቸውን በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ ፊልሙም እንደገና መታየት ጀመረ።

ፏፏቴው በእውኑ ዓለም አለ። በሚኔሶታ የብሩል ወንዝ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ሰዎች ለብዙ ዘመን ኳሱንም ግንዱንም እየጣሉ ወዴት እንደሚወጣ ቢጠብቁ አላገኙም። በ2016 የግዛቲቱ የውሃ ባለሙያዎች ከፏፏቴው በላይና በታች ውሃውን ለኩ፤ መጠኑ ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። የተዋጠው ውሃ ከሥር ተመልሶ ከወንዙ ጋር ይቀላቀላል።

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ያሳቀኝ ነገር ገዳዮቹ ቀልደኛ መሆናቸው ነው። ኩሳማ ተመልካቹን መጀመሪያ ከእነሱ ጋር አስቀምጣ ታስቀዋለች፤ ቀጥላ ካሜራውን ወደ ልጅቱ ፊት ታዞራለች። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው ከማን ጋር ተቀምጦ እንደነበረ ያያል። እኔ ግን በሁለቱም ጊዜ ካሜራው ሲዞር አልዞርኩም። የዞረችው አጠገቤ የነበረችው ልጅ ናት፤ ያየችውም እኔን ነው።