ብርቅ ቃላትና ፍቻቸው፦ ለተጫዋች የበቃ ለመዝገበ ቃላት ይበቃልን?

ብርቅ ቃል ማደን የቆየ ልማድ ነው። አግድምና ቁልቁል የሚሞላውን የቃላት ጨዋታ የሚያዘጋጅም ሆነ የሚፈታ ሰው ሌላው የማያውቀውን ቃል በማወቁ ይደሰታል። ስለዚህም ቃሉን በግራ፥ የአንድ ቃል ፍቹን በቀኝ አሰልፎ የሚያቀርብ ዝርዝር ፈላጊው ብዙ ነው። ይህ አሠራር ለጨዋታ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሚመጣው ዝርዝሩ እንዳለ ወደ መዝገበ ቃላትና ወደ ተርጓሚ ጠረጴዛ ሲሻገር ነው። ጉዳዩን ከላስታ ጋር በተያያዙ ጥቂት ቃላት እንመርምር።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ጨዋታ መኖሩን መለየት ይገባል። ስክራብል በተባለው፥ በፊደል ጠጠሮች በሚካሄደው ጨዋታ የሚጠየቀው ቃሉ በተፈቀደው መዝገብ መገኘቱ እንጂ ፍቹ አይደለም። የኒው ዚላንድ ተወላጅ ናይጄል ሪቻርድስ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛውን የዓለም ውድድር ያሸነፈው ቋንቋውን ሳይናገር፥ የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ አጥንቶ ነው። ለእንዲህ ያለው ተጫዋች ቃል የፊደላት ቅርጽ ነው።

የቅኔ ቤት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የላስታ ጎረቤት የሆነችው ዋድላ በቅኔ ስልቷ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ ናት። የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ ብርቅ ግስም ይፈልጋል። ነገር ግን «ኀለየ» አሰበ፥ «ሐለየ» አዜመ መሆኑን፤ «ሠረቀ» ለፀሐይ ወጣ፥ «ሰረቀ» ግን በቁሙ መሆኑን ካልለየ፥ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ ሰሙና ወርቁ ይጠፉበታል። ቃሉን ማወቅ ማለት ምስጢሩን መግለጥ መቻል ማለት ነው።

በቅርቡ ያየነው አንድ የብርቅ ቃላት ዝርዝር የመጀመሪያውን መንገድ የተከተለ ነው። «ውቅር» የሚለውን ቃል «ዋሻ» ብሎ በአንድ ቃል ፈትቶታል። ቃሉ የወጣው «ወቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ይኸውም ድንጋይን በመሣሪያ እየመቱ መጥረብ ነው። ባለሞያ የእጅ ወፍጮዋ ድንጋይ ሲልም የምታደርገውም ይህንኑ ነው፤ ወፍጮውን ትወቅረዋለች። እንግዲህ በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ውቅር ነው፤ ከእናት ዓለቱ ሳይነሣ፥ በዙሪያው ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ከላይ ወደ ታች ተጠርቦ የወጣ ነውና። በአንጻሩ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነጸ ሕንፃ ነው። ዝርዝሩን ያመነ ተርጓሚ ያልተጠረበውን ተጠረበ፥ የተጠረበውንም የተፈጥሮ ዋሻ ሊያደርገው ይችላል። የጠራቢዎቹ ድካም በአንድ ቃል ስሕተት ከገጹ ላይ ይፋቃል።

«ላሊበላ» ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው። የንጉሡና የከተማዋ ስም ነው፤ ትውፊቱም ስሙን ከንብ ጋር ያያይዘዋል። ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈኑና እየመረቁ የሚለምኑት፥ ሐሚና የሚባሉትም ሰዎች ላሊበላ ይባላሉ። ይህ ለኅብር ወዳድ ሲሳይ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት ግን ሁለት ራሳቸውን የቻሉ መግቢያዎች ይጠይቃል።

«ገና»ም እንዲሁ ነው። ሲጠብቅ ምእመናን ወደ ላሊበላ የሚጎርፉበት በዓል ነው፤ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም። አገር ልጅ በጆሮው ይለየዋል፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማረ ተርጓሚ ግን የሚለይበት ምልክት የለውም።

የቀደሙት ሊቃውንት ከዚህ የተሻለ ጎዳና ይዘው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራ በአበገደ ተራ የተሰናዱ ናቸው፤ ተራውን ላልለመደና ቃል በጥድፊያ ለሚፈልግ ተጫዋች አይመቹም። ይህ ቅሬታ እውነት አለው። ሆኖም ዘሩን ከግሱ ጋር አያይዞ ማስተማር የእነርሱ ብልጫ ነው፤ ባለ ሁለት ዓምዱ ዝርዝር ያስቀረውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ብርቅ ቃል ወደ መዝገብ ሲገባ ቢያንስ አራት ነገሮች አብረውት እንዲገቡ እናሳስባለን፦ ሥርወ ቃሉ፥ የሚነገርበት አገርና ሙያ፥ መጥበቁና መላላቱ፥ እንዲሁም አገባቡን የሚያሳይ አንድ ዓረፍተ ነገር። ይህ ሥራ ዝርዝሩን ያሳጥረዋል፤ ምክንያቱም ተናጋሪና ቦታ የሌለው ቃል ከመጀመሪያው ተጣርቶ ይወድቃል። ተጫዋቹም ቢሆን አይጎዳም። «ውቅር»ን ከባለሞያዋ ወፍጮ ጋር አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው፥ አራት ማዕዘኖቹን ሲሞላ ዝርዝር መግለጥ አያስፈልገውም።