የቃኘው ሽጉጥ፦ ለኢላማ የመጀመሪያውን ስለ መምረጥ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደውሎ «ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው» ሲለኝ ክው አልኩ። «ምን ገጠመህ?» አልኩት። ምንም አልገጠመውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኢላማ መተኮሻ ቦታ መሄድ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን የሚተኩሰው በኪራይ ነው። አሁን የራሱን ፈለገ። «የአባባን ዓይነት ነው የምፈልገው። ግን ብዙ ገንዘብ የለኝም» አለኝ።

የአባባ ዓይነት የሚለው አሜሪካኖች 1911 የሚሉትን፣ እኛ ቤት «ኮልት» ሲባል የኖረውን ባለ 45 ሽጉጥ ነው። አባቴ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ስለተዋጋ መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር። አባቴ መትረየስ ተኳሽ ስለነበረ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር። ግዳጁ ሲያበቃ አስረክቦ መጣ። የካ፣ ኮሪያ ሰፈር ውስጥ ሲያሳድገን ግን ስለዚያ ሽጉጥ ያላወራበት ክረምት ትዝ አይለኝም።

ወሬ ብቻም አልነበረም። ከእንጦጦ የመጣ የወይራ ግንድ በልኩ ጠርቦ፣ እጀታው ውስጥ እርሳስ ወትፎ ክብደቱን ወደ 1 ኪሎ ከ100 ግራም አድርሶት ነበር፤ እውነተኛውም የሚመዝነው ይህንኑ ያህል ነው። ጓሮ ያቆመንና ክንዳችንን አስዘርግቶ ጫፉ ላይ ስሙኒ ያስቀምጣል። ጣታችን ቃታ እንደሚስብ ሆኖ ሲታጠፍ ስሙኒዋ ከወደቀች «ስተሃል» ይላል። እኔና እህቴ ጥይት የሚባል ነገር ሳናይ ማለምን የተማርነው እንዲህ ነው። እኔ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ቶርኖና ፍሬዛ በሚባሉት የብረት መቅረጫ ማሽኖች ላይ ኖርኩ። እህቴ ጋ አሜሪካ በሰነበትኩባቸው ጊዜያት ደግሞ እውነተኛውን ይዤ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ አየሁት። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ የሚመለከተኝ በሁለት በኩል ነው፤ በአባቴም፣ በሙያዬም።

እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። የምጽፈው ሕግ በሚፈቅድበት አገር፣ ሕጋዊ ሱቅ ገብተው ለኢላማ ብቻ ለሚመርጡ ነው።

ሽጉጡን የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በማርች 1911 ለመጨረሻ ጊዜ ሲፈትነው አንድ ሽጉጥ 6000 ጥይት ተተኮሰበት፤ ሲግል ውሃ ውስጥ እየተነከረ ሥራውን ቀጠለ፣ አንድ ጊዜም አልነከሰም። በዚያው ወር የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቃታው አጠረ፣ የእጀታው ጀርባ ጎበጥ አለ፣ ኤዋን የሚል ቅጥያም ወጣለት። አባቴ የታጠቀው ያን ነው። ንድፉ ዛሬ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ፊሊፒንስ ማሪኪና፣ ቱርክ ትራብዞን፣ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ርካሾቹ ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ስመ ጥሮቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠይቃሉ።

የገዢው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ንድፉ አንድ፣ የሠራው እጅ ግን ብዙ። ይህን ከሽሮ ሜዳ ሸማ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። አንድ ዓይነት ጥለት አሥር ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ እናቶቻችን ግን ነጠላውን ገልብጠው ጀርባውን ሳያዩ፣ ጠርዙን በጣታቸው ሳይዳብሱ ዋጋ አይጠይቁም። ሽጉጥም ጀርባ አለው። ከውጭ የሚያብለጨልጨው ቀለም ስለ ሠሪው የሚነግረን ጥቂት ነው። ርካሽ ሥራ ገንዘቡን የሚያፈሰው ዓይን በሚያርፍበት ላይ ነው፤ ደግ ሠሪ ግን ገንዘብ ሲያጥረው ቀለሙን ያደበዝዛል እንጂ ውስጡን አይነካም።

ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያልኩት ግን ስለ ሥራ አልነበረም። ሻጩ ሽጉጥ ሲያቀብልህ ካዝናውን አውጣ፣ ላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ስላይዱን፣ ወደ ኋላ ስበህ ቆልፈው፣ የጥይት ጎሬውን በዓይንህ አይተህ በትንሿ ጣትህም ዳብሰው። ከእጅህ ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር እንደ አዲስ ድገመው። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። ፈትሼ ልየው ብለህ ሻጩን አስፈቅድ፤ እሺ ካላለ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ብዙ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ጆሮው ስር አድርጎ መነቅነቅ ነው። ከተንቋቋ «የላላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ አልስማማም። አባቴ፣ ኮልቱ ሲነቀነቅ እንደ ጸናጽል ይሰማ እንደነበር ያወራ ነበር፤ ጭቃና በረዶ ውስጥ ግን አልከዳውም። ስላይዱና አካሉ መካከል ትንሽ ክፍተት ኃጢአት አይደለም። እኔ የምፈራው ወጥ ያልሆነውን ክፍተት ነው፤ አንዱ ጎን ላይ ጠበቅ፣ ሌላው ላይ ሰፋ ያለውን። ያ ፍሬዛው ላይ ሥራው ተጣሞ መያዙን ይናገራል። ስላይዱን በዝግታ ወደ ኋላ ሳቡት፣ በዝግታ መልሱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስሜት መስጠት አለበት። አሸዋ እንደበላ ወፍጮ የሚኮረኩር ከሆነ፣ ወይም መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያዝ ለቀቅ ካደረገ፣ ስላይዱ የሚሄድበት ሐዲድ ሥራ አላለቀም።

ቀጥታ መተኮሱ የሚወሰነው ጥይቱ በሚወጣበት ቱቦ ነው። ሽጉጡ ሲተኩስ ቱቦውና ስላይዱ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ ከቱቦው ሥር ያለች ትንሽ ማያያዣ የቱቦውን ጀርባ ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ ቁልፉ ይላቀቃል፣ ስላይዱ ብቻውን ቀጥሎ ባዶውን ቀለህ ይወረውራል፣ ሲመለስ አዲስ ያጎርሳል፣ ቱቦውም ሽቅብ ወጥቶ ይቆለፋል። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ተኩስ ይደገማል። ኢላማ መምታት የሚባለው፣ ከሽጉጡ በኩል ካየነው፣ ቱቦው በየጊዜው ወደዚያችው ስፍራ መመለሱ ነው። ስለዚህ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ዳግም አይታችሁ ስላይዱን ዝጉትና ቀለህ በሚወጣበት መስኮት በኩል የሚታየውን የቱቦ ጀርባ በአውራ ጣት ወደ ታች ጫኑት። ድንጋይ የተጫናችሁ ያህል መሆን አለበት። እንደ ልል ጥርስ ገባ ወጣ ካለ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር አትግዙት። ከፊት በኩል ቱቦውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበትም እንዲሁ ነው፤ በእጅ ሲነካ የሚንከላወስ ከሆነ ጥይቱ ኢላማው ላይ ይበታተናል።

እዚያው እያላችሁ ስላይዱን ከፍታችሁ ጥይት ከካዝና ወደ ቱቦ የሚንሸራተትበትን ቁልቁለት በባትሪ እዩ። የቱቦው ከንፈር ከአካሉ ቁልቁለት ወደ ፊት በጥቂቱ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ፣ ፈቀቅ ማለት አለበት። ወደ ኋላ ወጥቶ ከተንጠለጠለ የጥይቱ አፍንጫ ይመታዋል፣ ሽጉጡም ይነክሳል። የፍሬዛ መስመር ሌላ ቦታ ብታዩ አትደንግጡ። አካሉ ውስጥ፣ ጥይት በማይነካበት ቦታ፣ የመቁረጫው ጥርስ አሻራ መታየቱ ነውር የለበትም። ይህ ቁልቁለትና ሐዲዱ ላይ ግን ይቅርታ የለም።

ቃታውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። የ1911 ቃታ እንደ ብዙ ሽጉጦች በዘንግ ላይ አይዞርም፤ እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይገባል። ለዚህ ነው ከመቶ ዓመት በኋላም የኢላማ ሰዎች የማይተዉት። ሻጩ ከፈቀደ ባዶውን አቀባብሉና ጣታችሁን በቀስታ አሳርፉ። መጀመሪያ ትንሽ ባዶ ጉዞ አለ፤ ከዚያ ቃታው ይቆማል። ከቆመ በኋላ ክብደት ስትጨምሩበት ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይንሸራተት፣ ሳታውቁት መልቀቅ አለበት። በደረጃ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ቃታ የውስጡ ጥርሶች አለመስተካከላቸውን ያሳያል። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል። ቀላል ቃታ ፈልጋችሁ አትሂዱ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሳችሁ ሞረድ ይዛችሁ ጥርሱን እንዳትነኩ። ሞረድ 30 ዓመት የያዝኩ ሰው ነኝ፣ እኔም አልነካውም። ያ የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው።

ሽጉጡ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚይዙት ሁለቱ መቆለፊያዎች ሳይፈተኑ ገንዘብ አይከፈልም። ባዶውን አቀባብሎ በአውራ ጣት የሚነሳውን መቆለፊያ መዝጋት፣ ቃታውን ጠንከር አድርጎ መሳብ፣ መልቀቅ፣ ከዚያ መቆለፊያውን መክፈት ነው። መዶሻው በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢወድቅ፣ ወይም ሲከፈት ቢነቃነቅ፣ ሽጉጡ አደገኛ ነው። የእጀታው ጀርባ ላይ ያለውም በመዳፍ ካልተጫነ ቃታው እንዳይሠራ ማድረግ አለበት።

ማነጣጠሪያው ላይ አባቴን መቃወም ግድ ሆኖብኛል። የድሮው ቅጂ ማነጣጠሪያ የሩዝ ፍሬ ታህል ነበር። የእህቴ ልጅ የአያቱን ሽጉጥ ቅርጽ ሳይለውጥ መግዛት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ዓይን በቀላሉ የሚያገኘው፣ አራት ማዕዘን፣ ሰፋ ያለ ማነጣጠሪያ ያለውን እንዲመርጥ ነገርኩት። ናፍቆት ኢላማ አያስመታም። በጥይቱም ነገር እንዲሁ። 45ቱ 15 ግራም የሚጠጋ እርሳስ ይወረውራል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ይኸው ሽጉጥ በ9 ሚሊ ሜትርም ይሠራል፤ ርግጫው ለስለስ ይላል፣ ጥይቱም በርካሽ ይገኛል። በአንድ ገንዘብ ብዙ የሚተኩስ ጀማሪ ይማራል። ልጁ ግን በዚህ አልተሸነፈልኝም፤ 45 መሆን አለበት አለ። ልቡ የት እንዳለ ስለማውቅ አልገፋሁትም።

ካዝናን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ርካሽ 1911 ነከሰ ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን አብሮት የመጣው ካዝና ነው፤ ከንፈሩ በጥቂቱ ከተጣመመ ጥይቱን አንጋዶ ያቀርባል። ከቀለም ቅንጦት የተረፈውን ገንዘብ ሁለትና ሦስት ጥሩ ካዝና ላይ ማዋል ነው። ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ የእጀታውን እንጨት አስፈትቶ ሥሩን ይይ፤ ላብና እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው። የጦሩ የራሱ አሮጌ 1911ዎች ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በኩል መሸጥ ከጀመሩ ሰነባብተዋል፤ ከመካከላቸው ኮሪያ የደረሰ ይኖራል ብሎ ልጁ ጓጉቶ ነበር። ዋጋቸው ግን ከአዲሱ ርካሽ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፣ ለመጀመሪያም አይሆኑም።

መስከረም ላይ ከሱቁ ሆኖ በቪዲዮ ደወለልኝ። መስታወቱ ላይ ሁለት ተዘርግተዋል። አንዱ እንደ መስታወት የተወለወለ፣ እጀታው የተቀረጸ፣ ሌላው አመድማ፣ ተራ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። «የቱን?» አለኝ። «ጫነው» አልኩት። ካሜራውን አስጠግቶ የሚያብለጨልጨውን በአውራ ጣቱ ሲጫነው የቱቦው ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲመለስ እዚህ ሆኜ አየሁት። አመድማው ላይ ጣቱ ነጭ እስኪሆን ተጫነ፤ አልተነቃነቀም። ሁለቴ ቃታውን ሳበና ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ መቼ እንደለቀቀ አላወቅሁም» አለኝ። ያንን ገዛ።

በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ኢላማ ፎቶ ላከ። ቀዳዳዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለዋል፣ ግን ሁሉም ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ታች ወርደዋል። ማነጣጠሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተበላሸም። ቀኝ እጁ ተኩሱን ፈርቶ ቃታውን እየነጠቀ ነው፤ ቀዳዳዎቹ መሰብሰባቸው የሽጉጡን ደግነት፣ መውረዳቸው የእጁን ችኮላ ይናገራሉ። ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ አውጥቶ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ ዳብሶ፣ ወደ ወፍራሙ ግድግዳ አዙሮ፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ሳንቲም እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። አባቴ የወይራውን ጠርቦ ያስተማረንን ከራሱ እናት ሰምቶ ኖሮ ሳልጨርስ ገባው።

ትናንት ማታ ደውሎ «ከ10 ጊዜ 7ቱን ሳትወድቅ ቆየች» አለኝ። አባባ 10ሩ 10 እስኪሆን ያስደግመን እንደነበር ነገርኩትና ስልኩን ዘጋን።